ቅቤ የተቀባው የሰማይ ድንጋይ

የጡረታ ሽኝቴ ዕለት መድረክ መሪው "አሁን ደግሞ ከሰማይ ቅቤ ያወረዱትን እናታችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ!" ብሎ ጠራኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ። ጋቢ ሊያለብሱኝ ቆመው እየጠበቁኝ ምን ላድርግ? ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ወንበር ላይ ከጣልኩት በኋላ ግን ደሜ ፈላ። ዕድሜዬን ሙሉ በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ያለውን ካርቦን ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ሥራ የተረፈኝ ስም ይሄ ነው? ቀልዱን የሚያወሩት ሰዎች አብዛኞቹ ነገሩ ሲሆን መሥሪያ ቤቱን እንኳ አያውቁትም ነበር። ወሬው ከማን አፍ እንደ ወጣም አያውቁም። እኔ ግን አውቃለሁ።

እንግዲህ ራሴው ልናገረው። ሀዋ እባላለሁ፤ የቆቦ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንባቢ እንዳይደናገር አንድ ነገር ላስታውቅ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ "እሳቸው" የምላቸው ሰዎች አሉ፤ "እሱ" የምለውም አለ። የብዕር ስህተት አይደለም። በማዕረግ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። አክብሮት የራሴ ስለሆነ ለፈለግሁት እሰጠዋለሁ።

በኬሚስትሪ የተመረቅሁት ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ለመቅረት ላይ ታች ሲሉ እኔን ምደባው ወደ መጣሁበት መለሰኝ። ቆቦ ሜዳ ላይ የአፈር ላቦራቶሪ ተከፍቶ ነበር። ላቦራቶሪ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጠባብ ክፍሎች፣ አንድ ሚዛንና አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መብራት ሲጠፋ የጀመርነው ሁሉ እንደ ገና ይጀመራል። በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ ላባችን ናሙናው ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባራችንን በሻሽ እንጠመጥም ነበር። ደመወዙ የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚወራለት ነገር የለውም።

ኃላፊያችን ጋሽ ተካልኝ ነበሩ፤ የደላንታ ሰው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ጋዎናቸውን ራሳቸው አጥበው ራሳቸው የሚተኩሱ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ስለ ሥራው ነው፤ ይህ ሌላ ነገር ነው።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። አፈር ውስጥ የበሰበሰ ሥር አለ፤ ቅጠል፣ ፍግ፣ የሞተ ትል፣ ዓይን የማያየው ተሐዋሲ አለ። አፈርን ጥቁርና ለም የሚያደርገው ያ ሁሉ ተደምሮ ነው። መጠኑን ለማወቅ አፈሩን አድርቀን፣ ፈጭተን፣ በወንፊት ነፍተን፣ ብርቱካን የሚመስል መርዘኛ ፈሳሽና አሲድ እናፈስበታለን። ፈሳሹ የአፈሩን ካርቦን ሲያቃጥል ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ፈሳሽ በጠብታ እየጣሉ ምን ያህሉ ሳይሠራ እንደ ተረፈ መለካት ነው። አንዲት ጠብታ ካለፈች አለፈች፤ መልሰሽ አታወጫትም። ጋሽ ተካልኝ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች ሲጥሉ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። እኔም ሳላውቀው ለመድኩት፤ እስከ ዛሬ ሻይ ስቀዳ እንኳ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ልጄ ይስቅብኛል።

ከእያንዳንዱ ዙር ጋር አንድ ባዶ ብርጭቆ አብሮ እንዲሄድ ያዝዛሉ። ምንም አፈር የለበትም፤ ፈሳሹ ይፈስበታል፣ ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይለካል። በባዶው ብርጭቆ ካርቦን ከተገኘ ያ ካርቦን የገበሬው አይደለም፣ የእኛ ነው፤ ከእጃችን፣ ከውሃችን፣ ከዕቃችን የመጣ። ውጤት ይዤ ስገባ ቀና ሳይሉ "ባዶውን አስቀድሚ" ይሉኛል። ቀጥሎ "ከየት ተነሳ? በምን መጣ? ማን ነካው?" ነው። በተለይ ያችን የመጨረሻዋን አይለቋትም ነበር።

አንድ ጊዜ ከጎብዬ አካባቢ የመጣ የማሽላ ማሳ አፈር ለካሁ። ውጤቱ ከሌላው ሁሉ እጅግ ከፍ ብሎ ወጣ። ደስ ብሎኝ ሮጬ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን አይተው አፈሩን ራሱን አስመጡ፤ በጣታቸው አሽተው አሸተቱት።

"ይሄ ማሳ አይደለም" አሉኝ። "የበረት ደጃፍ ነው። ተነሺ።"

ጎብዬ ድረስ በሚኒባስ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። ባለ ማሳው አያ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ጋሽ ተካልኝ ነገሩን ሲጠይቋቸው ሽማግሌው ጭራሽ ተቆጡ።

"እና ምን ላድርግ ጋሼ? ከቆቦ ድረስ አፈርህን አሳየን ተብዬ የከሳውን ልስጥ? ወላሂ ከበረቱ ሥር ያለውን ሸጋውን መርጬ ነው የላክሁት!"

እኔ ሳቄ አፈነኝ። ጋሽ ተካልኝ ግን አልሳቁም። የቀረበላቸውን ወተት ጠጥተው፣ አመስግነው፣ ሽማግሌውን በትሕትና ማሳው መሃል ወስደው የከሳውን አፈር አስቆፈሯቸው። ስንመለስ መንገድ ላይ "ሰውዬው አልዋሹንም፤ አከበሩን። የእኛ ሥራ የሰጡንን ክብር ከአፈሩ መለየት ነው። መናቅ አይደለም" አሉኝ። በሙያዬ ከተማርኩት ሁሉ ይህን የሚያህል ነገር የለም።

እንዲህ ያለ ሰው ምን አገኘ መሰላችሁ? የኮምፖስት ዘመቻ ሰሞን ከበላይ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ የራያ አፈር ካርቦን ለምን እንዳልጨመረ ጠየቀ። ጋሽ ተካልኝ "አገዳውን ከብት ይበላዋል፣ ፍጉ ማገዶ ይሆናል። ለአፈሩ ምን ተረፈውና ይጨምር?" አሉት። ሰውዬው ሳያፍር "እናንተ ቁጥሩን አስቀድሙት፣ አፈሩ ይደርሳል" አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ተካልኝ ቁጥሩን አልነኩትም። ዓመት ሳይሞላ ከኃላፊነት አንስተው ንብረት ክፍል መደቧቸው፤ ያ የማይንቀጠቀጥ እጅ ወንበርና ጠረጴዛ ላይ ቁጥር ሲለጥፍ ጡረታው ደረሰ። ሲነሱ ለስንብት ብሎ አንድ ቃል የተናገረላቸው አለቃ የለም።

ውጭ አገር የትምህርት ዕድል የመጣልኝ በዚያን ሰሞን ነው። ልቀር ነበር፤ ጋሽ ተካልኝ ናቸው በቁጣ ያባረሩኝ። የአፈርን ካርቦን ልማር ሄጄ አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር ዘንድ ገባሁ። ከአፈሩ ሌላ የሰማይ ድንጋይ ይመረምሩ ነበር። አብዛኛው ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ጥቁር፣ እንደ ከሰል የሚፈረፈር፣ ውስጡ ካርቦን ያለው ይገኛል። ነፍስ ያለው ነገር ነክቶት አያውቅም፤ ሆኖም ሕይወት የተሠራችባቸውን ዓይነት ነገሮች በውስጡ ይዟል። ፕሮፌሰሯ አንዱን ቁራጭ ከጠርሙስ አውጥተው እንዳሸት ሰጡኝ። ሽታው አስፋልት ነው። ከፀሐይ እኩል ዕድሜ ያለው ነገር የቆቦን አውራ ጎዳና ሲሸተኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲያ ልቤ ወደዚያ ሄደ፤ አፈርና ሰማይን በአንድ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ተመልሼ አዲስ አበባ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ተመደብኩ። ስሙን አልጠራም። ዳይሬክተሩን ጌታሁን እንበለው፤ ዶክተር ነው። አለባበሱ የሚያምር፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ፣ ሬዲዮ የሚወደው ሰው ነበር። ላቦራቶሪ ሲገባ ያየሁት እንግዳ ሲያስጎበኝ ብቻ ነው። ለብዙ ዓመት ከእሱ ጋር ክፉም ደግም አልነበረኝም። አፈሬን እለካለሁ፤ የሰማይ ድንጋይ የመጽሐፍ ነገር ሆኖ ቀረ።

ከዕለታት አንድ ቀን ቆቦ አጠገብ፣ ሮቢት ሱቅ ያለው ወንድሜ ደወለ። "እቴ ሀዋ፣ ያንቺ ድንጋይ መጥቷል" አለኝ። ስለ ሰማይ ድንጋይ ሳወራ ሁልጊዜ ይቀልድብኝ ስለነበር ያን ቀንም የሚቀልድ መስሎኝ ልዘጋበት ነበር። "በአላህ ይዤሻለሁ! ከሮቢት በታች እማማ ዘይነባ ማሳ ላይ ነው የወደቀው፤ ፍንዳታውን ሁላችንም ሰምተናል" ሲለኝ ሻንጣዬን አወረድኩ። በማግሥቱ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ።

እማማ ዘይነባ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ስገባ መደቡ ላይ፣ የተዘረጋ ነጠላ ላይ፣ ሕፃን ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ቆዳው ቀልጦ የረጋ ነው። አንድ ጥጉ ተሰብሮ ውስጡ ይታያል፤ ከውጪው የባሰ ጥቁር፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት። ያ የምመኘው ዓይነት ድንጋይ ነበር። ጠጋ ስል ግን ያብረቀርቃል። በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ ወፍራም የላም ቅቤ።

"እማማ፣ ሲወድቅ እርስዎ የት ነበሩ?"

"እዚሁ ደጄ ላይ። ሱብሃነላህ! ዱብ ሲል ምድሪቱ ተናጠች ልጄ። ላሚቱ ገመድ በጠሰች። እየፈራሁ እየተባሁ ብወጣ እንዲያ እንደ አስፋልት ሸተተኝ፤ መንገዱን ሲሠሩ በርሜል ላይ ሲያቀልጡት የሚሸተውን ያህል።"

ያን ሽታ የሚፈጥር ሌላ ድንጋይ የለም።

"ታዲያ ቅቤው ምንድን ነው እማማ?"

ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። "ምነው፣ አገርሽን ረሳሽ? ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ፊቱ ነዶ፣ አናቱ ተሰነጣጥቆ፣ እንዲሁ በደረቁ ላስቀምጠው? እንግዳ አይደል!"

አልረሳሁም። በእኛ አገር ሙሽራ ይቀባል፤ ከሩቅ ከርሞ የመጣ ዘመድ አናቱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። እኔም ከውጭ ስመለስ እናቴ ፀጉሬን አጥለቅልቃኝ ነበር። አያ ሙሄ ለመንግሥት ሸጋውን አፈር እንደ መረጡ፣ እማማ ዘይነባም ለሰማይ እንግዳ ያላቸውን አወጡ። ጋሽ ተካልኝ ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ፤ ያንኑ አደረግሁ። ቅቤው ከተቀባበት ከዚያው ቅል ትንሽ ለምኜ በንጹሕ ጠርሙስ ያዝኩ። ድንጋዩ ሲመረመር ይህ ቅቤም ጎን ለጎን ይመረመራል፤ ክብሩ ከድንጋዩ ይለያል ማለት ነው። ቅቤ ደግሞ ዘልቆ መሃል ለመድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ልቡ ገና ንጹሕ ነበር።

ድንጋዩን ልውሰድ ስላቸው የነጠላውን ጫፍ አስተካከሉለት።

"ባለቤቴ አኼራ ከሄደ ወዲህ ይህ ቤት እንግዳ አላየም" አሉኝ። "አላህ የላከልኝ እሱን ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊያየው ሲመጣ እኮ ከሰው ጋር ዋልኩ። አንቺ ግን ለዕውቀት ነው ካልሽ እንቢ አልልም። ውሰጂው፤ በአማና ነው። የሚያሻሽን ትቆርሺና የቀረውን ትመልሽልኛለሽ። ወላሂ በይ።"

"ወላሂ" አልኩ።

አማና አደራ ነው። እኛ ዘንድ ግን ከአደራም ይከብዳል። በአማና የወሰዱት ነገር ከሞት በኋላ እንኳ ይጠየቃል። እኔ ቃል ስሰጥ ቃሉ የመሥሪያ ቤቴም ቃል መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን አቅፌ ስወጣ ጎረቤቶች እንግዳ እንደሚሸኝ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙት።

አዲስ አበባ እንደ ደረስኩ ቀጥታ ጌታሁን ቢሮ ገባሁ። ሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አብረውኝ ነበሩ። "ድንጋዩ ቅቤ ተቀብቷል። ውጪውን ሳንነካ ከመሃሉ ትንሽ እንወስዳለን። ባዶ ናሙና እናስኬዳለን፤ ቅቤውንም ለብቻው እናስኬዳለን። የቀረው ለባለ ድንጋይዋ እናት ይመለሳል፤ በአማና ነው የሰጡኝ" አልኩት። ስልክ እያወራ ራሱን ነቀነቀ። "ጥሩ፣ ጥሩ" አለ። በሳምንቱ አስቸኳይ ነው ተብዬ ለአፈር ሥራ ወደ ደቡብ ተላክሁ።

ስመለስ ድንጋዩ የለም።

ፈጭተውታል። ለብዙ ላቦራቶሪ እንዲዳረስ ተብሎ ከነቆዳው፣ ከነቅቤው ወፍጮ ውስጥ ከተውታል። ከመፈጨቱ በፊት የተሰበረው ቁርጥራጭ ደግሞ በትንንሽ የመስታወት ሳጥን ሆኖ ለባለሥልጣናት ተሰጥቷል፤ ሳጥኑ ላይ በወርቃማ ፊደል "የራያ ስጦታ" ተጽፎበታል። ራያ መቼ ሰጠቻችሁ? የሰጡት እማማ ዘይነባ ናቸው፤ የሰጡትም ለእኔ ነው፤ የሰጡኝም ልመልሰው ነው! ወፍጮውን ፈትቼ ሳጸዳ ጉሮሮው ውስጥ የተቀረቀረ፣ ግማሽ እንቁላል የሚያህል ቁራጭ አገኘሁ። ከዚያ ሁሉ የቀረ እሱ ብቻ ነበር። በጠርሙስ ከትቼ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ጌታሁን ቢሮው ጠርቶ ከመመርመሪያው የወጣውን ወረቀት ዘረጋልኝ። በወረቀቱ ላይ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር መጠን የሚያሳዩት ሹል ጫፎች በሥርዓት ተደርድረዋል።

"አየሽ ሀዋ? ሕይወት! ከሰማይ የመጣ ሕይወት!"

አየሁ። የእንስሳ ቅባት የራሱ መልክ አለው፤ ካርቦኖቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ነው የሚቀጠሉት። የሰማይ ድንጋይ ካርቦን ግን ጥንድ አይል ጎዶሎ አይል፣ ሁሉም ቅልቅል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥንድ ጥንድ ነበር።

"ዶክተር፣ ሕይወትስ ሕይወት ነው" አልኩት፤ "ግን ላም ናት። የእማማ ዘይነባ ላም። ነግሬዎት ነበር እኮ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ስምሽ ከፊት ስላልተጻፈ ነው አይደል?" አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩለትና ወጣሁ። ሰው እውነት ስትነግረው ቅናት ብሎ ከተረጎመው ቀጥለሽ ምን ትያለሽ?

በዚያው ሰሞን ጋዜጠኞች ተጠሩ። በሬዲዮ ተነገረ። ወንድሜ ደውሎ ሮቢት ሁሉ እንደ ኮራ ነገረኝ። ብዙም አልቆየም፤ ዱቄቱ ከተላከባቸው የውጭ ላቦራቶሪዎች አንዱ መልስ ሰጠ። በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነበር፤ ፍሬ ነገሩ ግን "የላካችሁልን የወተት ቅባት ነው" የሚል ነው።

ስብሰባ ተጠራ። እኔም የቅሉን ቅቤ ለብቻው መርምሬ፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያሳየውን ውጤት ከነጠርሙሱ ይዤ ገባሁ። አስቀድሜ አስጠንቅቄ እንደነበር የሚያረጋግጥልኝ እሱ ነው ብዬ። ጌታሁን ጠርሙሱን አንስቶ ለተሰብሳቢው አሳየ።

"እንግዲህ ተመልከቱ" አለ። "ባለሙያዋ ናሙናው መበከሉን ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር ማለት ነው። እያወቀች ለተቋሙ አስረከበች። እኛስ ምን እናድርግ? የአካባቢው ሰው ኋላ ቀር ልማድ፣ የእሷም የአገር ልጅነት ተጨምሮበት ለዚህ ውርደት ዳረገን።"

ስነግረው አብረውኝ የነበሩትን ሁለቱን ባለሙያዎች አየኋቸው። ጠረጴዛውን ያያሉ። ሁለቱም ልጆች የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም ልል ነበር፣ ግን እፈርድባቸዋለሁ። አንድ "ነግራዎታለች" የሚል ቃል ምን ያህል ያስከፍላቸው ነበር? ኋላ ቀር የተባሉት ሴት ድንጋዩን በክብር ያኖሩ ናቸው። የፈጨው ሠለጠነ ተባለ።

ከምርምር ተነስቼ የኬሚካል መጋዘን ኃላፊ ሆንኩ። ጋሽ ተካልኝን አሰብኳቸው፤ ለሚያስቸግር ሰው ሁልጊዜ መጋዘን አይጠፋም። ስሜም ያን ጊዜ ወጣ። በኮሪደር ሳልፍ "ቅቤዋ መጣች" ይባላል።

መሳቢያዬ ውስጥ ያ ቁራጭ ነበር። ልቡ ንጹሕ ነው፣ ወፍጮው አልደረሰበትም። ሰብሬ ከውስጡ ወስጄ፣ ባዶ ናሙና አድርጌ ብመረምረው፣ እውነተኛ የሰማይ ካርቦን እንዳለው ማሳየት እችል ነበር። ስሜ ይጠራ ነበር። በአገራችን እንዲህ ያለ ድንጋይ በወግ ተመርምሮ መልስ የሰጠ እኔ እሆን ነበር። በሌላ በኩል የቀረው ይመለሳል ብዬ ምያለሁ፤ የቀረው ደግሞ ይኸው ብቻ ነው። የሚቆረሰው ተቆርሷል፣ ያውም ያለ ልክ። ከዚህ በኋላ ያለ እማማ ዘይነባ ፈቃድ አንዲት ፍርፋሪ ብነካ ከጌታሁን በምን እሻላለሁ? ስለዚህ ልጠይቃቸው ወሰንኩ። ድንጋዩን በእጃቸው አስረክቤ፣ እንደ አዲስ ልለምናቸው።

ሮቢት ደርሼ ቤታቸው ገባሁ። ገና በሩ ላይ "እንግዳዬስ?" አሉኝ። ጠርሙሱን ከፍቼ ቁራጩን በመዳፋቸው አስቀመጥኩ። ገለበጡት፤ ወደ ብርሃኑ ወስደው አዩት።

"ሌላውስ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ወፍጮውን፣ ሳጥኖቹን፣ ሬዲዮውን፣ ስብሰባውን። በቅቤው እንደ ተሳቀ ስነግራቸው እንዳይከፋቸው ለስለስ አድርጌ አለፍኩት፤ እሳቸው ግን ገባቸው። አልቅሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አላለቀሱም። ቁራጩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት" አልኩ። "ይህን ቢፈቅዱልኝ፣ ውስጡን መርምሬ እውነቱን አወጣለሁ። ያኔ የሳቁት ሁሉ ያፍራሉ።"

"አንቺው ትመረምሪዋለሽ?"

"አዎ… መሣሪያው ግን የእነሱ ነው። በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው።"

"በእነሱ እጅ ያልፋል?"

"ያልፋል።"

ቋጠሮውን ጠበቅ አደረጉት። "ላንቺ ቢሆን እንኪ ብዬ በሰጠሁ። በእነሱ እጅስ አይለፍ፣ ይቅር ልጄ።"

ስሜ በዚያች ቃል ቀረ። ያ ድንጋይ ምን እንደ ያዘ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እኔም አላውቅም። ሳይንቲስት አላውቅም ለማለት አያፍርም፣ ይህ "አላውቅም" ግን ከነደደኝ ብዙ ዓመቱ ነው። በእሳቸው አይደለም የምናደደው። እሳቸው የነበራቸውን ሁሉ በክብር ሰጥተው ነበር።

ልሄድ ስነሳ ጉልበታቸውን ይዤ "አፉ ይበሉኝ እማማ" አልኩ፤ ይቅር ይበሉኝ ማለቴ ነው።

"አፉ ብዬሻለሁ። ወላሂ አንቺን በልቤ አልያዝኩም" አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው "ያን ሰውዬ ግን አፉ አላልኩትም። አማናዬን የበላው እሱ ነው። ሂጂና ይህን ንገሪው" አሉ።

ነገርኩት። እንደ ተመለስኩ ያለ ቀጠሮ ቢሮው ገባሁና "ድንጋዩን የሰጡን እናት አፉ አላልኩትም ብለዋል" አልኩት።

"አፉ ምንድን ነው?"

"ይቅርታ ነው። በሕይወት እያሉ ሄደው ካልጠየቁ አይገኝም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና አየኝ። ተቆጥቶም አፍሮም አልነበረም። ጉዳይ እንደሚጨርስ ሰው ነበር። "እሺ፣ ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?" አለኝ።

"እሳቸው ምንም አይፈልጉም" አልኩት። "ፈላጊው እርስዎ ነዎት።"

እንድወጣ በእጁ አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። እሱ አደገ፣ ተሾመ፣ ተሸለመ፤ በየአዳራሹ የቅቤውን ቀልድ ሲያወራ ኖረ። አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ አሁንም ይጋበዛል፣ አሁንም ያወራል።

እማማ ዘይነባ ከዓመታት በኋላ ሞቱ። ለለቅሶ ሄጄ ከዐረብ አገር ከተመለሰችው ሴት ልጃቸው ጋር ተቀመጥኩ። ሰው ቀለል ሲል "እናትሽ ስለዚያ ሰውዬ ያሉት ነገር ነበር? አፉ ብለውት ይሆን?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ማን መጥቶ ጠይቋት?" አለችኝ።

እንግዲህ አፉ ማለቱ ወደ ልጆቻቸው ዞሯል። ይህን ጽሑፍ ጌታሁን እንደሚያነበው አውቃለሁ፤ ስሙ ያለበትን ነገር ሁሉ ያነባል፣ ያልተጻፈውንም ስሙን ያገኘዋል። ልጆቻቸው አሉ። እስከ ሮቢት አስፋልት ነው፤ ከዚያ ባጃጅ አለ።